ግራ ጉልበት

በዚህች ከተማ ያሉ ሕጻናት ከመዝለላቸው በፊት ግራ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ይነካሉ። ሁሉም ይነካሉ። ከደረጃ ሲወርዱ፣ ቦይ ሲሻገሩ፣ ከአልጋ ሲዘሉ። ነካ ያደርጉና ይዘላሉ።

ሰው ለምዶታል። አስተማሪዎች ሚዛን ለመጠበቅ ነው ይላሉ። አንድ የሬዲዮ ሰው የኮምቦልቻ ልጅ በጉልበቱ ይታወቃል እያለ ጧት ጧት ይቀልዳል። አንዲት እናት አሳንሰር ውስጥ ዱዓ ነው አለችኝ። ልጆች ምድርን ከመልቀቃቸው በፊት ፈቃድ ይጠይቃሉ አለች። 

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጉልበቱ የእኔ ነው።

ይርዳው መሸሻ እባላለሁ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ቦርከና ዳር ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን እኖራለሁ። ምድር ላይ ባለው ሙአለ ሕጻናት ወለል እወለውላለሁ፤ ልብሶቹንም አጥባለሁ።

ልብስ ያልኩት ልጆቹ ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ የሚለብሱትን ነው። ግራጫ ነው። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ገላ ላይ ይጣበቃል። በሦስት ዓመታቸው ሙሉ በሙሉ እሱ ያንቀሳቅሳቸዋል። በአራት ግማሹን ይገፋል። በአምስት ሲሶውን። ስድስት ሲሞላቸው ይወልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነታቸው የለመደውን ራሱ ይሠራል ተብሎ ይታመናል።

በእኔ ልጅነት ልጅ ግቢ ውስጥ ይወድቅ ይነሳ ነበር። አሁን ግቢ የለም። መሬቱ የመጋዘንና የመኪና ነው። አንድ ዘመን ላይ ደረጃ መውጣት የማይችሉ፣ ቁልፍ መቆለፍ የሚያቅታቸው፣ ኳስ ሲወረወርላቸው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ልጆች በዙ። ልብሱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጠቅሟል። ይህን አልክድም።

ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሁለት ልጆች በአራት መስመር ይቆማሉ። የሚቆጥር የለም። የሚያጨበጭብ የለም። ልብሱ ጠበቅ ይላል፣ ሠላሳ ሁለት ቀኝ እግር ይነሳል። ወለሉ ላይ በተቀባው ቢጫ መስመር ላይ ተረከዝና አውራ ጣት እያገናኙ ይሄዳሉ። ኳስ ይወረውራሉ፣ ይቀልባሉ። በአንድ እግር ስምንት ጊዜ ይነጥራሉ። ዶቃ በክር ይሰካሉ። ከዚያ ሣጥን ላይ ይወጣሉ፣ ጉልበታቸውን ይነካሉ፣ ይዘላሉ። የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሲያልቅ ልብሱ ይላላል። ትልልቆቹ ወደ ምሳ ዕቃቸው ይሮጣሉ። ትንንሾቹ ባሉበት ይቀራሉ። እጁ አየር ላይ እንደተዘረጋ የሚቀር አለ። እየዞርኩ እጃቸውን አወርድላቸዋለሁ። ይህ የታዘዝኩት ሥራ አይደለም።

ነገሩ የሆነው በ2052 ዓ.ም. ነው። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ያኔ የአንድ ባዶ መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። ለልብሱ የሚሆን እንቅስቃሴ የሚቀርጹ ሰዎች መጋዘኑን ለአምስት ቀን ወሰዱት። ከአዲስ አበባ አንድ ስፖርተኛ መጥቶ ሊሮጥላቸው፣ ሊዘልላቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። ሰዎቹ ስልክ እየደወሉ ተቀመጡ። አለቃቸው ምትኩ የሚባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ዓርብ ሥራውን ማስረከብ ነበረበት። በር ላይ ቆሜ አየኝ።

«ጋሼ፣ መዝለል ትችላለህ?» አለኝ።

«ከምን ላይ?»

«ከምንም። ዝም ብለህ።»

«ዝም ተብሎ አይዘለልም» አልኩት።

ሳቀ። «ና እስቲ፣ ለልጆች ነው። የሰው አካሄድ አንድ ነው።»

ሰውነቴ ላይ ነጠብጣብ ለጠፉ። ተራመድ አሉኝ፣ ተራመድኩ። ሩጥ፣ ወርውር፣ ቅለብ፣ ጎንበስ በል አሉኝ። ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ተጠንቅቆ አይቶኝ አያውቅም።

የጉልበቴ ነገር እንዲህ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ዱቄት ፋብሪካ ተሸካሚ ነበርኩ። ኩንታል ተሸክሜ ከመኪና ሳንቃ ላይ ተንሸራተትኩ። የግራ ጉልበቴ ሎሚ ከቦታው ወጣ። ወጌሻ መለሰው፤ ግን አልጸናም። ከዚያ ወዲህ ከመዝለሌ በፊት በመዳፌ ገፋ አድርጌ አስገባዋለሁ። ሳላስበው ነው የማደርገው። በዚያ ሦስት ቀን ምናልባት መቶ ጊዜ ዘልያለሁ። ለምን ትነካዋለህ ያለኝ የለም። ቸኩለው ነበር።

በመጨረሻው ቀን ካቆሙልኝ ሣጥን ላይ ስዘል ወደቅሁ። ምትኩ ሲስቅ ሰማሁ። በግራ እጄ ተደግፌ ተነሳሁና ማን ማን እንዳየኝ ለማወቅ ወደ ኋላ ዞርኩ።

«ይህንን እንዳታጠፉት» አለ ምትኩ። «መነሳትም ያስፈልጋል።»

ሲያልቅ ቀረጻው ላይ የስፖርተኛውን ስም ጻፉ። የመገኘት ፊርማውንም በእሱ ስም ፈርም አሉኝ፤ ፈረምኩ። በዚህ አገር የቀረ ሰው እንደተገኘ ሲፈረም ያ የመጀመሪያው አልነበረም።

ከአራት ዓመት በኋላ ባለቤቴ አስረበብ ሞተች። ልጅ አልነበረንም። አርባዋ ባለፈ ማግስት አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ሕጻን አየሁ። ከእናቷ እጅ ተላቀቀች፣ ግራ ጉልበቷን ነካች፣ ከእግረኛው መንገድ ወደ ታች ዘለለች። ወደቀች። በግራ እጇ ተደግፋ ተነሳች። ከዚያ ዞራ አየች።

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። አልተሳፈርኩም።

በማግስቱ ሌሎች ሁለት አየሁ። በዚያው ወር ሙአለ ሕጻናቱን የወለል ሥራ ጠየቅሁ። ለምን እንደፈለግሁት ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ በሩ ሥር መወልወያዬን ይዤ እቆማለሁ። ሰዎች ብቻህን መኖር አይከብድህም ወይ ይሉኛል። አይከብደኝም እላለሁ። እስከ ዘንድሮ ድረስ ውሸት አልነበረም።

በመጋቢት አንድ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። ከሰኔ ልኬት ጀምሮ ጉልበት መንካት «ትርፍ እንቅስቃሴ» ተብሎ ይያዛል ይላል። ልኬት ስድስት ዓመት ሊሞላቸው የደረሱ ልጆች ልብሱን አውልቀው የሚፈተኑበት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የካሜራ ዓይን ይቆጥራል። ሦስት ትርፍ የተያዘበት ልጅ አንደኛ ክፍል አይገባም፤ አንድ ዓመት ልብሱ ውስጥ ይቆያል። ከሣጥን ላይ መዝለል ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው። እንግዲህ ሁሉም ልጅ ወዳቂ ነው ማለት ነው።

የሙአለ ሕጻናቱን ኃላፊ ጦይባን ጠየቅኋት። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ምላሷ ፈጣን ነው።

«ቀረጻውን አላዩትም?» አልኳት።

«ቀረጻው ነጠብጣብ ነው፣ ጋሽ ይርዳው። ፊት የለው፣ መልክ የለው፤ እጁ ጉልበት ይንካ አይንካ ማን ይለያል? ይልቅ ስፖርተኛውን ፈልገው ከነሽበቱ ጠርተው አዘለሉት። አልነካም። ስለዚህ ልጆቹ እርስ በርስ የተማማሩት ቅብጠት ነው አሉ።»

«እሱ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ዘለለና ሄደ።»

እዚህ መጥቼ አላውቅም አላለም። ለምን እንዳላለ እገምታለሁ። ፊርማው አለ፤ ክፍያውንም ሳይቀበል አልቀረም።

«አንቱ ደግሞ ምን ያሳስብዎታል?» አለችኝ ጦይባ። «ልጅ የለዎት፣ የልጅ ልጅ የለዎት። መወልወያው አይዘል!»

ራሷ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ።

ከቤቴ ፊት ለፊት ዘምዘም የምትባል ሴት ትኖራለች። መድኃኒት ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ልጇ ሂክማ ትባላለች። በሰኔ ስድስት ዓመት ይሞላታል። ጧት ጧት አብረን በአሳንሰር እንወርዳለን። ወሬ አታቆምም።

«አባባ፣ መወልወያህ ስም አለው?»

«የለውም።»

«ለምን?»

«ሥራ ስለሚበዛበት።»

ታስብበታለች። «እኔ ላውጣለት?» ትላለች። እስከ ምድር ድረስ አምስት ስም ታወጣለታለች። ነገ ሌላ አምስት።

ማስታወቂያው የወጣ ሰሞን ዘምዘም በሬን አንኳኳች። ቤቴ ገብታ አታውቅም ነበር። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ ይርዳው፣ አንቱ ከልጆቹ ጋር ነው የሚውሉት። ሂክማን ይህን ጉልበት መንካት ያስተዉልኝ» አለች።

«አስተማሪ አይደለሁም።»

«አስተማሪዎቹማ ልብሱ ያስተምራል ይላሉ። ልማዱን ያስያዛት ልብሱ ነው! የእህቴ ልጅ ኢምራን ሦስት ዓመት ወደቀ። ሦስት ዓመት መልሰው ከተቱት። ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልብሱ ካልገፋው ማንኪያ አያነሳም። አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።» ሻርፗን አስተካከለች። «ሂክማን እንዲያ ሆና አላያትም።»

እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ከሄደች በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሄጄ እኔ ነኝ ብል ጥፋቱ ከልጆቹ ላይ ተነሥቶ ቀረጻው ላይ ይሆናል። ልጆቹ ያልፋሉ። ቀረጻው ግን ይሰረዛል። በከተማው ውስጥ የእኔ የሚባል አንድ ነገር አይቀርም። ዝም ብል ደግሞ ሂክማን ለብቻዋ አስተምሬ ላሳልፋት እችላለሁ። የቀሩት ይነኩ። የቀሩትስ ይውደቁ ብዬ ነበር ወይ? ያን ያህል አላሰብኩም። ማሰብ አልፈለግሁም።

ትምህርቱን በአሥራ አራተኛውና በአሥራ ሦስተኛው ፎቅ መካከል ባለው ደረጃ ላይ ጀመርን። ደረጃውን የሚጠቀም የለም። የቆርቆሮ ኩባያ ውኃ ሞልቼ በሁለት እጇ አስያዝኳት። ከታችኛው እርከን ላይ አቆምኳት።

«ሳታፈሺ ዝለይ» አልኳት።

«ጉልበቴስ?»

«ጉልበትሽ የትም አይሄድም።»

ዘለለች። ውኃው ፊቷ ላይ ተደፋ። በሳቅ ወደቀች። ተነሳችና ዞራ አየች፤ ከግድግዳ በቀር የለም። በአራተኛው ቀን ግማሹን አፈሰሰች። በዘጠነኛው ቀን አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ከሁለተኛው እርከን፣ ከሦስተኛው ዘለለች። ጉልበቷ ሲታጠፍ፣ ጣቶቿ መጀመሪያ መሬት ሲነኩ፣ ተረከዟ ሲከተል አየሁ። እንደዚያ ዘልዬ አላውቅም። ኩባያው ነው ያስተማራት።

ከዚያ ኩባያውን ወሰድኩ። እጇ ወደ ጉልበቷ ሄደ።

«አትንኪ» አልኳት።

እጇን መለሰች። ቆመች። ብዙ ቆመች።

«አባባ፣ ታዲያ እንዴት ነው የሚጀመረው?» አለችኝ።

 እኔም በሌላ መንገድ ጀምሬ አላውቅም። እጆችሽን አቆላልፊያቸው አልኳት፤ ኩባያ እንዳለ አስቢ አልኳት። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ቻለች። ሰኔ ደረሰ።

የልኬቱ ቀን ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ። ሰባት ልጆች ናቸው የሚፈተኑት። እናቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ ሐመልማል የምትባል ወጣት ባለሙያ መጥታለች። ቀጭን ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች። ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች። ቀሪዎቹ ልጆች ልብሳቸውን እንደለበሱ በጎን ተደርድረው ያያሉ።

መስመሩን ሁሉም ሄዱ። ኳሱን አንዱ ብቻ ጣለው። ከዚያ ሣጥኑ መጣ። የመጀመሪያው ልጅ ነካ፣ ዘለለ። ነካ፣ ዘለለ። ነካ፣ ዘለለ። ዓይኑ ሦስት ጊዜ ቀይ በራ። እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛዋ ሊመታት እንደመጣ ነገር መብራቱን እያየች ነካች። ስድስቱም አለቁ። የሚያለቅስ አልነበረም። ልጆቹ ምን እንዳጠፉ አላወቁም፤ ጥሩ አድርገው ዘልለዋል።

ሂክማ ሣጥኑ ላይ ወጣች። እጆቿን አቆላለፈች። ዘምዘም ዓይኗን ጨፈነች።

ሂክማ አልዘለለችም። አልነካችም፣ አልዘለለችም። ጉልበቷ ትንሽ ይታጠፍና ይመለሳል። ጣቶቿ ነጡ። ግድግዳው ላይ ሰዓቱ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ፤ ካልዘለለች እንደማትችል ይያዛል። ከልጆቹ አንዱ «በይ እንጂ!» አለ። ሌላው «ልብስ ስጧት» አለ። ከዚያ ዞራ በሩ ሥር አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ኩባያው፣ አለች መሰለኝ።

ኢምራንን አንድ ቀን አይቼው ነበር። አፉን ከፍቶ የሚጠብቀውን። እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። አዳራሹን አቋርጬ ሄድኩ።

«ጋሽ ይርዳው!» አለች ጦይባ። «ምን ሆኑ? ወለሉ በኋላ!»

ከሂክማ አጠገብ ሌላ ሣጥን ነበር። ወጣሁ። ግራ ጉልበቴን በመዳፌ ነካሁ፤ ሎሚው እስኪገባ ገፋሁት። ዘለልኩ።

አልያዘልኝም። በጎኔ ወደቅሁ።  በግራ እጄ ተደግፌ ተነሳሁ። ከዚያ፣ ማን ማን እንዳየኝ ለማወቅ፣ ዞርኩ። ሁሉም አይተውኛል።

መጀመሪያ የተናገረው ከሦስት ዓመት ልጆቹ አንዱ ነው።

«እንደኛ ነው የሚነሳው!» አለ።

ሳቅ ሆነ። ሂክማም ሳቀች። እየሳቀች እጇን ፈታች፣ ጉልበቷን ነካች፣ ዘለለች። ዓይኑ ቀይ በራ። ማንም መብራቱን አላየም።

ሐመልማል ተነሥታ መጣች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«እንደገና ይዝለሉ» አለችኝ።

«አልችልም።»

«እሺ፤ እንደገና ይነሱ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ስዞር እሷን አየሁ። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ቀረጻው የት ነበር?» አለች።

ነገርኳት። መጋዘኑን፣ ምትኩን፣ ሳንቃውን፣ ፊርማውን። አጭር ነው፤ እናቶቹ ሳይጠግቡት አለቀ።

«ሃያ አንድ ዓመት! ለምን ዝም አሉ?»

«የጠየቀኝ የለም» አልኩ።

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ አልጠየቀችኝም።

የስድስቱም ልጆች ቀይ ተሰረዘ። ሂክማ ቀሪዎቹን ሁለት ዝላዮች እየነካች ዘለለች፤ የእሷም ተሰረዘ። ዘምዘም እጄን ስማ ትታኝ ወደ ልጇ ሮጠች። ኢምራን ግን ሦስቱም ዓመት የወደቀው በመዝለል አለመሆኑን ስጠይቅ ሰማሁ። ለእሱ የጠቀመው ነገር የለም። ይህን እጽፋለሁ፤ ሁሉንም ያዳንኩ እንዳይመስል።

ሐመልማል ቅጹን ስትሞላ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«ስምዎን ማስገባት አለብኝ» አለች። አፈረች። «ቦታው ግን... የስህተት ምንጭ በሚለው ሥር ነው።»

«አስገቢው።»

«ይርዳው...?»

«መሸሻ።»

ልትዘጋው ስትል «የአያቴንም ጨምሪ» አልኳት። «ገብረየስ።»

ጻፈች። ስሜ ከቀበሌ መታወቂያ ሌላ የትም ተጽፎ አያውቅም። ቆሜ አነበብኩት። ፊደሉ ትክክል ነበር።

«አዲስ ቀረጻ ከሐምሌ ጀምሮ ይጫናል» አለች።

«ያሉትስ ልጆች?»

«በስድስት ወር ይረሱታል። ልጆች አይደሉም?»

ስድስት ወር አልፈጀም። ትንንሾቹ ቀድመው ተዉት። በነሐሴ ከሠላሳ ሁለቱ ሃያው ይነኩ ነበር። በመስከረም አሥራ አንዱ። በጥቅምት መጨረሻ አንድ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ አንድ ሰኞ እሱም እጁን ሳያነሳ ዘለለ። ደረቁ ወለል ላይ መወልወያዬን ስገፋ ቆየሁ። ሲነሱም አይዞሩም። ወድቀው ይነሳሉ፣ ወደፊት ይሄዳሉ።

በአዲሱ ቀረጻ የሚማሩት ኳስ ከመወርወራቸው በፊት አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ። ትንሽ ነው፤ ካላስተዋሉት አይታይም። የማን እንደሆነ አላውቅም። የሆነ ሰው ነው። የሆነ ቦታ አለ።

ሂክማ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ሰማያዊ ቀሚስ ትለብሳለች። ትምህርት ቤቷ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ በአሳንሰር ተገናኝተን አናውቅም። በታኅሣሥ አንድ ጧት አሳንሰሩ ተበላሸና ደረጃው ላይ አገኘኋት። ከእናቷ ቀድማ ትወርዳለች። ቦርሳዋ ከጀርባዋ ይሰፋል።

«አባባ፣ መወልወያህስ?»

«ታች ነው።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«ብዙ ነበር።»

አብረን ወረድን። እሷ እየቆመች ትጠብቀኛለች። አሥራ ሦስተኛው ፎቅ ጋ ስንደርስ፣ ኩባያውን ያስያዝኳት ቦታ ላይ፣ አንዱ እርከን ጫፉ ተሰብሮ ነበር። መሻገር ነበረብኝ። ጉልበቴን ነካሁ፤ ገፋ አደረግሁና ተሻገርኩ።

ሂክማ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ።

«አባባ፣ ለምንድነው ጉልበትህን የምትነካው?»

ፊቷን አየሁ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አትቀልድም።

«ያመኛል» አልኳት።

«እኔን አያመኝም» አለችና የቀሩትን ሦስት እርከኖች በአንዴ ዘለለች። ታች ስትደርስ ወደቀች። በቀኝ እጇ ተደግፋ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች፣ ሮጠች።

አልዞረችም።